አራተኛው ወረቀት

ዓርብ ዓርብ ጠዋት ወይዘሮ ውድነሽ ልጃቸውን ሊመግቡ ይሄዳሉ።

ልጃቸው ምንተስኖት ይባላል። በቀበሌው መዝገብ ዕድሜው ሠላሳ አምስት ነው። "የቤተሰብ ብዛት" በሚለው ቦታ "አንድ ከሩብ" ተብሎ ተሞልቷል። አንዷ እሳቸው ናቸው፤ ሩቡ ምንተስኖት ነው። በ2096ቱ ምርጫ ጊዜ በስሙ የሩብ ድምፅ ካርድ መጥቶለት ነበር። ወይዘሮ ውድነሽ ካርዱን ይዘው ተሰለፉና ተራቸው ሲደርስ አስመራጩን፣ "ልጄ ማንን እንደሚመርጥ ነግሮኝ አያውቅም፤ ምን ላድርግ?" ብለው ጠየቁት። አስመራጩ መመሪያውን አገላብጦ አጣውና ካርዱን ባዶውን ሳጥን ውስጥ እንዲከቱት ነገራቸው።

ምንተስኖት ያለበት ቤት በሩ ላይ "የሕዋሳት ማቆያ" የሚል ሰሌዳ አለው። ሰዉ ግን ሙቀት ቤት ነው የሚለው። ደብረ ብርሃን ዛሬም ብርዷን አልተወችም፤ ያ ቤት ደግሞ ክረምት ከበጋ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ነው። እዚያ ዘመድ የሌላቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ጠያቂ መስለው እየገቡ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ዘበኛው ያውቃል፣ ግን አይቶ እንዳላየ ያልፋቸዋል።

ሕጉ ከወጣ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ድሮ አባቶች የሰው ሥጋ ከአራት ነገር ተሠራ ይሉ ነበር፤ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስ፣ ከእሳት። ሕጉ ቁጥሩን አልነካም፣ ዝርዝሩን ብቻ ለወጠው። ቆዳ፣ አጥንት፣ ነርቭ፣ ጡንቻ። ሰው ወድቆ ትንፋሹ ሲቆም ከአራቱም ቆንጠር ተደርጎ በአራት ሳህን ይቀመጣል። ሕዋሳቱ በሕይወት እስካሉ ድረስ ሰውየው በዚያው መጠን አለ። አንዱ ሳህን ጸጥ ሲል ለቤተሰብ ወረቀት ይላካል። ወረቀቱ ሩብ ሞት ነው። አራተኛው ሲመጣ ሰውየው ሞተ ይባላል።

ደም አይቆጠርም። ቀይ የደም ሕዋስ አስኳል የለውም፤ አስኳል የሌለው ደግሞ ሰው አይባልም ይላል አንቀጽ ሰባት። የምንተስኖት ደም በወደቀበት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በጎማ ውኃ ታጠበ። ለእሱ ወረቀት አልመጣም።

ሦስቱ ወረቀቶች ግን በየተራቸው መጡ። አጥንቱ በሁለት ዓመት። ቆዳው እየተባዛ አምስት ዓመት ከቆየ በኋላ መባዛት ደከመው። ነርቩ ሰባተኛው ዓመት ላይ፣ ሲኖርም ዝም ብሎ ነበርና፣ ዝም እንዳለ ሄደ። ነርቩ በነበረ ጊዜ ወይዘሮ ውድነሽ የሙቀት ቤቱን መጋቢ፣ "እንደው አሁን ስለ እኔ ያስብ ይሆን?" ብለውት ያውቃሉ።

"አያስብም እማማ" አላቸው። "ለማሰብ ብዙ መሆን አለባቸው። እነዚህ ጥቂት ናቸው።"

"ጥቂትም ቢሆን ትንሽ ያስቡ ይሆናላ።"

መጋቢው ገረመው ይባላል፤ አምሳ ሊሞላው የተቃረበ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሥራውን የሚያከብር ሰው ነው። የማያውቀውን ፈጥሮ አይናገርም። ወይዘሮ ውድነሽ የወደዱት ለዚሁ ነው።

የቀረው የልብ ጡንቻ ነው። ሳህኑ የጣት ቀለበት ያክላል። ገረመው ከማጉያ መነጽሩ ሥር ሲያደርገው ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ይታያል፤ ስስ፣ ግራጫ፣ ረጋ ብሎ የሚርገበገብ ነገር። ወይዘሮ ውድነሽ መጀመሪያ ቀን ሲያዩት የምንተስኖት እርግብግቢት ነው ትዝ ያላቸው፤ በአራስነቱ፣ ፀጉሩ ሳይበቅል፣ አናቱ ላይ ቱክ ቱክ ትል የነበረችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይመጣሉ። በደቂቃ አርባ ስምንት ነበር። ዓምና ሠላሳ አንድ ሆነ።

ለቅሶ አልተለቀሰለትም። በሰፈሩ ለቅሶ የሚቀመጠው ለሙት ነው፤ ሩብ ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው። እድሩም ድንኳን የሚተክለው በአራተኛው ወረቀት እንዲሆን ደንቡን አሻሽሏል። አስከሬኑ በወደቀ ሰሞን "በአደራ" ተቀበረ፣ ሰዉም ከመቃብር ሲመለስ እጃቸውን እየጨበጠ "የቀረውን ያቆይልሽ" እያላቸው ወደየቤቱ ሄደ። እንባቸው ሲመጣ ጎረቤት ትቆጣለች፦ "ተይ እንጂ! በቁሙ?" ባላቸው አቶ አበጀ የሞቱት ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ነበር፤ በአንድ ቀን፣ ሙሉ በሙሉ። ሰፈሩ ሦስት ቀን አለቀሰላቸው። ያ ለቅሶ አሁን ሲያስቡት ድሎት ይመስላቸዋል።

በየዓርቡ የሚደረገው አንድ ዓይነት ነው። ነጠላቸውን በር ላይ ባለው ሳጥን ይቆልፋሉ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። ሰማያዊ ካባ ይለብሳሉ፣ አፋቸውን ይሸፍናሉ። ገረመው የሳህኑን ክዳን ያነሣል፤ ምግቡ ቀይ ፈሳሽ ነው፣ ሲቆሽሽ ቢጫ ይሆናል። አሮጌውን ይመጥጣል። አዲሱን የሚያንጠባጥቡት ወይዘሮ ውድነሽ ናቸው፣ በቀጭን ቱቦ፣ አሥራ ሁለት ጠብታ። ቤተሰብ በእጁ ካልመገበ መምጣቱን እንደሚተው ቤቱ በልምድ ስለደረሰበት ፈቅዷል። ክዳኑ ተነሥቶ የሚቆየው አንድ ደቂቃ ነው። ከፊት ለፊታቸው ግድግዳው ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦

ክዳን ሲነሣ አይሳሙ። አያስነጥሱ። አያልቅሱ።

ከአዲስ አበባ የተላከ ነው። ያዘጋጁት ሰዎች ብዙ ያሰቡበት ይመስላል።

በግንቦት የመጀመሪያው ዓርብ ወይዘሮ ውድነሽ መቁጠሪያቸውን ይዘው ሲቆጥሩ አሥራ ዘጠኝ ላይ ደቂቃው አለቀ። ተሳስቼ ይሆናል ብለው ደገሙት። አሥራ ዘጠኝ። ዞር ብለው ገረመውን አዩት።

"እየደከመ ነው እማማ" አለ።

"ስንት ጊዜ ይቆያል?"

"የልብ ሕዋስ ሲሞት ምትክ የለውም። ያለው እያለቀ ነው። ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት።" ቀጥሎም፣ "ዘጠኝ ዓመት የቆየ እኔ አላየሁም፤ በእርስዎ እጅ ነው እንጂ" አላቸው።

ሊያጽናናቸው ነው። እሳቸው ግን የሰሙት ሁለት ወር የሚለውን ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም ለምንተስኖት ያልሰጡት አንድ ነገር ነበር።

ምንተስኖት በነፋስ መብራት የሚያመነጩት ምሰሶዎች ላይ እየወጣ የሚጠግን ሠራተኛ ነበር። ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ ጠዋት ከቤት ሲወጣ ሳይመረቅ ወጥቶ አያውቅም። ቁመቱ የበር ጉበን ይነካል፤ እናቱ ፊት ሲቆም ግን ጎንበስ ይልና አናቱን ይሰጣቸዋል። እሳቸው ደግሞ እናታቸው እንዳደረጉላቸው፣ የእናታቸውም እናት እንዳደረጉት፣ "እንትፍ እንትፍ! እደግ፣ ተመንደግ! ክፉ አይንካህ!" ይሉታል። "እማዬ፣ ዛሬ አበዛሽው፣ ፀጉሬ ራሰ" እያለ እየሳቀ ይወጣል።

የዚያን ቀን ጠዋት ነፋሱ ቆርቆሮ ሊገነጥል ይደርስ ነበር። ዛሬ አትሂድ አሉት። ሥራ ነው አላቸው። በቃል ተጋጩ፤ ድምፁን ከፍ አደረገባቸው፣ እሳቸውም መለሱለት። ከዚያ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ አናቱን ሰጣቸው። ወይዘሮ ውድነሽ ፊታቸውን አዙረው ጀበና ማጠብ ቀጠሉ። ጥቂት ጠብቆ ቀና አለና ወጣ። ያልተመረቀ አናቱን ይዞ ሰባ ሜትር ወጣ፤ ከሰባት ሰዓት በፊት ወደቀ። ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም፣ አዋሳ ላለችው ሴት ልጃቸው ለትንግርት እንኳ።

በሚቀጥለው ዓርብ ጥርሳቸውን በጥንቃቄ ፋቁ፣ አፋቸውን ደጋግመው ተጉመጠመጡ። ለምርቃት በንጹሕ አፍ ነው። አዲሱን ቀሚሳቸውን ለበሱ። ሙቀት ቤት ሲደርሱ እንደ ወትሮው ታጠቡ፣ ካባ ለበሱ። ገረመው ክዳኑን አነሣ፣ አሮጌውን ፈሳሽ መጠጠ። አሥራ ሁለቱን ጠብታ አንጠባጠቡ። ገረመው ቱቦውን ተቀብሏቸው ሊያስቀምጥ ዞር አለ።

ወይዘሮ ውድነሽ የአፋቸውን መሸፈኛ ወደ አገጫቸው ዝቅ አደረጉ። ወደ ሳህኑ ጎንበስ አሉ፤ በዚህ ጊዜ ጎንበስ የሚለው የእሳቸው ተራ ነበር።

"እንትፍ፣ እንትፍ" አሉ፣ በቀስታ። "እደግ፣ ተመንደግ። ክፉ አይንካህ፣ ልጄ።"

"አሜን" አለ ገረመው ከበስተኋላቸው።

ሳያስብ ነው ያለው። እሱም እናት አሳድጋዋለች፤ ሰው ሲመርቅ ጀርባ ሰጥቶ እንኳ አሜን ማለት ከአጥንቱ ጋር ያደገ ነገር ነው። ዞሮ መጣ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ ሳህኑን ወደ ሙቀቱ መለሰ። አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቷል፤ የሳመ አስቁሟል፣ ያስነጠሰ አስወጥቷል። በዚያች ቅጽበት ግን ስሕተት የሠራ ሰው ከክፍሉ ውስጥ መኖሩ በሐሳቡም አልመጣም።

ወይዘሮ ውድነሽ ወደ ቤታቸው በእግራቸው ሄዱ። ዘጠኝ ዓመት ያልቀለላቸው ደረት ቀለላቸው። ማታ ለትንግርት ደውለው ስለ ልጇ ጥርስ ሲያወሩ ሳቁ፤ ትንግርትም፣ "እማዬ፣ ዛሬ ምን አገኘሽ?" አለቻቸው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ገረመው ደወለ። "እማማ፣ ቢመጡ ጥሩ ነው" ብቻ ነው ያለው።

ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ፈሳሹ ቢጫ ሆኗል፤ ቢጫ ብቻም አይደለም፣ እንደ ደፈረሰ ጠላ ታቹ አይታይም። ገረመው ሌሊቱን መድኃኒት እየጨመረ እንዳደረ ዓይኑ ይናገራል። ስክሪኑን ሳይከፍት ቆመ።

"ልቡስ?" አሉት።

"ቆሟል።"

"አሳየኝ።"

"ምን ያደርግልዎታል እማማ?"

"አሳየኝ ስልህ!"

ከፈተው። ግራጫው ስስ ነገር ተበጣጥሶ ወዲህና ወዲያ ተኝቷል፤ አይንቀሳቀስም። ዙሪያውን ግን የሞላው ሌላ ነበር፤ ደቃቃ፣ ክብ፣ አንዱ በሌላው ተያይዞ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ የተሰካካ፣ ቁጥር ስፍር የሌለው። ወይዘሮ ውድነሽ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ስክሪን ላይ ይህን ያህል ሕይወት አይተው አያውቁም።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?"

"ሌላ ዓይነት ሕዋስ ናቸው። እኛን የሠራን ዓይነት አይደሉም፣ አስኳል የላቸውም። ምግብና ሙቀት ካገኙ በግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዱ ሁለት ይሆናል።"

"ከየት መጡ?"

ገረመው ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ፣ መልሶ አጠለቀው።

"ገረመው፣ ከየት መጡ?"

"ሰው አፍ ውስጥ ነው የሚኖሩት" አለ። "እዚያ ክፉ አይሠሩም።"

ወይዘሮ ውድነሽ እጃቸውን አነሡና አፋቸውን ያዙ። እንዲያ እንደያዙ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ገረመውም ያልተፈቀደ ቢሆንም ከጎናቸው ተቀመጠ። እደግ፣ ተመንደግ ብለው ነበር፤ አድጎ ተመንድጎ ሳህኑን የሞላው ደግሞ ፊታቸው ስክሪኑ ላይ ነበር።

ብዙ ቆይተው፣ "ጻፈው" አሉ። "ምክንያቱን እንዳለ ጻፈው። እናቱ ገደለችው በል።"

"ምክንያት የሚለው ላይ 'በዕድሜ' ብዬ ሞልቻለሁ።"

"ውሸት ነው።"

"እኔም አሜን ብያለሁ እኮ እማማ" አለ ገረመው። "ምን ብዬ ልጻፍ?"

አራተኛው ወረቀት ሰኞ ጠዋት ወጣ። የእድሩ ጥሩምባ በዚያው ዕለት ተነፋ፣ ድንኳኑም ከሰዓት በፊት ተተከለ። የእድሩ ዳኛ አቶ ላቀው ወረቀቱን አንብበው፣ "ምንተስኖት አበጀ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል፤ ነፍስ ይማር" አሉ። ወይዘሮ ውድነሽ ይህን ቃል ዘጠኝ ዓመት ሲጠብቁት ኖረው ነበር።

ሰዉ መጣ። ከምንተስኖት ጋር ምሰሶ ይወጡ የነበሩት ልጆች ሆዳቸው ወጥቷል፣ ፀጉራቸው ሸሽቷል። እጮኛው የነበረችው ፌቨን ሦስተኛው ወረቀት ሲመጣ እንድታገባ ተፈቅዶላት ነበርና ባሏን ይዛ መጣች፤ ጥግ ተቀምጣ ሳታቋርጥ አለቀሰች፣ ባሏም ውኃ ያመጣላት ነበር። አልቃሿ ግን ምንተስኖትን አታውቀውምና ተቸገረች። ወደ ወይዘሮ ውድነሽ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ "እናቴ፣ ቁመቱ እንዴት ነበር? ረጅም ነው አጭር?" አለቻቸው።

"ረጅም" አሏት። "ጎንበስ ካላለ አናቱ አይነካም።"

ያን ጊዜ ነው እንባቸው የመጣው። ደርቋል ብለው ፈርተው ነበር፤ አልደረቀም። ዘጠኙም ዓመት አንድ ላይ መጣባቸው። ጎረቤት ዛሬ አልተቆጣችም፤ "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" እያለች ደገፈቻቸው። አንዲት ሴትዮ ደግሞ፣ "እንዲህ ያለች እናት የት ትገኛለች? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በእጇ መግባ!" አለች፤ ሁሉም እውነት ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ወይዘሮ ውድነሽ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቀለሉት። ሰዉ ለቅሶ መሰለው።

ዓርብ ዕለት የጠያቂ ካርዳቸውን ሊመልሱ ሙቀት ቤት ሄዱ። ገረመው ካርዱን በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ወይዘሮ ውድነሽ ሳያስቡት ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። ከማስታወቂያው ሥር፣ ከሕትመቱ ፊደል የተለየ፣ በሰው እጅ በጥቁር ቀለም የተጻፈ አንድ ቃል ተጨምሯል።

አይመርቁ።

"አንተ ነህ?" አሉት።

"እኔ ነኝ። ለሌሎቹ ብዬ ነው።"

"ደግ አደረግህ" አሉና ወጡ። ውጭው እንደ ወትሮው ይበርድ ነበር።

ቤት ሲደርሱ ትንግርት ዕቃዋን ሸክፋ ትጠብቃቸዋለች። ለለቅሶው ከመጣች አምስት ቀኗ ነው፤ ወደ አዋሳ የምትመለስበት መኪና ደርሷል። የስምንት ወር ልጇን ሶልያናን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ወንድሟ ይቆምበት በነበረው ቦታ ላይ፣ ሳታውቀው፣ ጎንበስ ብላ የሕፃኗን አናት ወደ እናቷ ዘረጋች።

"መርቂያት እማዬ። መንገደኛ ናት።"

ወይዘሮ ውድነሽ ከአፋቸው ላይ የወረደውን ነጠላ መልሰው አጠበቁት። መዳፋቸውን ሕፃኗ አናት ላይ አሳረፉ።

"ምነው እማዬ? እንትፍ እንትፍ በያት እንጂ።"

"እጄ ይበቃታል" አሉ ከነጠላው ሥር።

ትንግርት እንግዳ ነገር ሆነባት፣ ግን የሐዘን ሰሞን ነውና አልጠየቀችም። መኪናው ጡሩምባውን ነፋ። ወይዘሮ ውድነሽ እጃቸውን አላነሡም። የሕፃኗ እርግብግቢት ገና አልገጠመችም፤ ከመዳፋቸው ሥር ቱክ ቱክ ትላለች። ሳያውቁት መቁጠር ጀምረው ነበር።